አሥራ ሁለት ድስት ሳር

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለት ነገር ሆነ። ሜዳው ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ውርጭ ጣለ፤ ሬዲዮ ደግሞ ማዕከላችን ሊዘጋ ይችላል አለችኝ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳቀዘቀዘኝ አላውቅም።

ሬዲዮ የምርምር ማዕከላችን ጸሐፊ ናት። ስሙን ያወጣላት ሾፌራችን ነው፤ "ባትሪዋ አያልቅም" ይላል። ሻይ እየጠጣን ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ "ካንቺ አይለፍ" ብላ ጀመረች። ከእኔ በፊት ለስንት ሰው "ካንቺ አይለፍ" እንዳለች ፈጣሪ ይወቅ። ዋናው መሥሪያ ቤት በጥር ሁለት ሰዎች ይልካል። መጥተው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ።

"ምኑን ነው የሚወስኑት?"

"ሳር ሲያድግ ለማየት ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል ነው የሚሉት።"

"ማን አለ?"

"በስልክ ሰማሁ። ስልኩ የእኔ አልነበረም እንጂ።"

ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ። ሳር መዝኛለሁ፣ ዝናብ ለክቻለሁ፣ አጥር ጠግኛለሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም ማለት ይቻላል። ቤት ገብቼ ስነጫነጭ ታላቅ እህቴ እትዬ ይህን ደብተር ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝና "እዚህ ላይ አውርጂው፣ እኔ ላይ አታውርጂው" አለች። ይኸው እያወረድኩት ነው።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

በችኮላ። ከዜሮ በታች ሦስት። ጣቴ አልታዘዝ አለ። ሳሩ ላይ የምገጥማቸው ክዳኖች ጎማ እንደ እንጨት ደርቆ አልገጥምም አለኝ። ዙሪያውን እፍ እፍ ብዬ አለሰለስኩት፣ ገጠመ። ሾፌሩ ከመኪናው ሆኖ "አለቃ፣ ልደትሽ ነው እንዴ ሻማ የምታጠፊው?" ይለኛል። ነገረኛ።

ኅዳር 18፣ እሁድ

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእሷ የስፌት መኪና ነው፣ ሌላው የእኛ። ዛሬ እጅጌ እየጠቀመች ሳለ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣

"እኔ የማይገባኝ ይህ ነው ሚጢዬ፤ ጤነኛ ሰው ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሳር ላይ ክዳን ይከድናል?" አለችኝ። አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ዛሬም ሚጢዬ ነኝ።

አስረዳኋት። ሜዳው ላይ አሥራ ሁለት የብረት ቀለበቶች መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። በየቀለበቱ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን እንገጥማለን። ክዳን ካለው ድስት ነው ብለን ስማቸው ድስት ሆኖ ቀረ። ከክዳኑ በቀጭን ቱቦ አየር እየሳበ ውስጡ ያለውን ካርቦን የሚቆጥር የሻንጣ ያህል መሣሪያ አለን፤ እሱን ደግሞ አነፍናፊው እንለዋለን። ክዳኑ ውስጥ ካርቦኑ ከጨመረ ሳሩና አፈሩ እየተነፈሱ ነው። ከቀነሰ ሳሩ ፀሐይ አግኝቶ እየበላው ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ድስቶች ማታ ማታ ሸራ እናለብሳቸዋለን፣ ውርጭ አይነካቸውም። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ሜዳ ላይ እንደ ወጡ ያድራሉ። ልዩነቱ ውርጩ ያደረገው ነው ማለት ነው። ክዳኖቹ የመጡት ዘንድሮ ነው፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ አልነበረንም።

"ታዲያ ምን ያደርጋል ውርጩ?"

"እሱን ነው የምንፈልገው። ሜዳው ከሚያስወጣው የሚያስገባው ከበለጠ ካርቦኑን አፈር ውስጥ ያስቀምጥልናል። ካልበለጠ ራሱ ሜዳው አየሩን ያሞቃል። አንድ የውርጭ ሌሊት ስንት ያስከፍለዋል ነው ጥያቄው።"

"ሳሩን ብትጠይቁት አይሻልም?"

"እየጠየቅነው ነው እኮ። በክዳን።"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደግሞ ትዝ አለኝ፤ ጥር።

ኅዳር 23፣ ዓርብ

ዶክተሩ ሳቀ! በቀይ ብጽፈው ይገባ ነበር።

ዶክተራችን በዕድሜ ከእኔ በስምንት ዓመት ያንሳል፣ በፊቱ ግን በሃያ ይበልጠኛል። ሲከፋው "እርስዎ" ይለኛል፤ ደስ ሲለው "እህቴ" ብሎ ወደ "አንቺ" ይወርዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ "እህቴ" የሰማሁት ሦስት ጊዜ ነው። ዛሬ ብቻ ሁለቴ።

ኮምፒዩተሩ ላይ አሳየኝ። ሸራ የለበሱት ስድስቱ ድስቶች ንጋት ላይ መስመራቸው ዝርግ ነው። ውርጭ የመታቸው ስድስቱ ግን ልክ ሲነጋጋ ጉብ ይላሉ።

"አየሽ እህቴ? ውርጭ በመታው ላይ ብቻ! ቅጠሉ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይፈነዳል፤ አፈሩ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን የፈሰሰውን ይሻሙበታል፤ ከዚያ በአንዴ ይተነፍሱታል። እንዲህ ጎልቶ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። እጅሽ ይባረክ።"

ንጋት ላይ ሜዳ ወርዶ ቢያየው ደግሞ እንዴት ደስ ባለው። አይወርድም እንጂ። ሳይነስ አለብኝ ይላል። ሬዲዮ ደግሞ እንቅልፍ ነው ትላለች።

ኅዳር 29፣ ሐሙስ

ዶክተሩ ጉብታውን ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ ላከ። ሬዲዮ ስለተየበችው በቃሏ አነበነበችልኝ፤ "ከዚህ ቀደም ያልታየ" የሚል ነገር ሦስት ቦታ አለበት። መልሱም ፈጥኖ መጣ። እንግዶቹ ጥር 16 ይደርሳሉ፤ "በተለይ ጉብታውን" ማየት ይፈልጋሉ።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ለአትክልተኛው እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "ያቺ ጉብታ ባትገኝ ኖሮ ይሄኔ ወንበሮቹን እየቆጠርኩ ነበር።"

ለማንም አልልም እንጂ ኩራት ኩራት ብሎኛል። ሌላ ሰው ቢሆን የደረቀውን ጎማ ጫን አድርጎት ይሄድ ነበር፣ በጎን አየር ይገባ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዱ ጋ ተንበርክኬ፣ ዙሪያውን እፍ እፍ ብዬ፣ ሙቀቱ ሳይጠፋ ቶሎ ነው የምከድነው። ሸራ ሥር ያደሩት ጎማቸው ለስላሳ ስለሆነ አይፈልጉም። ለውርጮቹ ነው የምደክመው።

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ሾፌሩ በቴርሞስ ሙቅ ውኃ ይዞ መጣ። "ለመኪናው መስታወት ነው፣ ውርጭ ስላለበት" አለ። ከዚያ "እግረ መንገድሽን እጅሽን አሙቂበት" አለኝ። ቴርሞሱ ላይ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠም።

ይህን ለእትዬ መንገር አልነበረብኝም።

"ሚስቱ ካረፈች ስንት ዓመት ሆናት?" አለችኝ።

"እኔ ምን አገባኝ! አራት።"

መቀሷን አስቀምጣ አየችኝ። ምን እንደሚያሳያት አላውቅም።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

ጥርሴ። የታችኛው፣ በስተቀኝ። መጻፍ አልችልም።

ታኅሣሥ 11፣ ማክሰኞ

ትናንት ተነቀለ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ግን የአንጥረኛ ነው። ቁስሉ እንዳይከፈት ለአንድ ሳምንት እፍ ማለት፣ መምጠጥ፣ መትፋት ከለከለችኝ። "ሳቅም ቀነስ አድርጊ" አለች። ከሬዲዮ ጋር ነው የምሠራው ልላት ፈልጌ አፌ በጥጥ ተሞልቶ ነበር።

ዛሬ አፌን በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጎማውን በምን ላለስልስ? ጨርቅ በቴርሞሱ ውኃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ዙሪያውን አበስኩበት። በአንዴ ለሰለሰ። ምነው እስከ ዛሬ!

ታኅሣሥ 13፣ ሐሙስ

ጉብታው ጠፋ።

ማክሰኞ የለም፣ ትናንት የለም፣ ዛሬም የለም። ሦስቱንም ሌሊት ውርጩ ክፉ ነበር፤ ሳሩ እንደ ብርጭቆ እየተሰበረ ነው የተረገጠው። ዶክተሩ አነፍናፊውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ብሎን በብሎን ፈታው። ምንም አላገኘበትም። ከዚያ ሾፌሩን አስጠራው።

"መሣሪያውን እያንገጫገጭክ ነው ያበላሸኸው!"

ሾፌሩ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል። አንዴ እኔን አየኝ፤ አፌ ላይ ያለውን ሻሽ አየ። ከዚያ "ይቅርታ ዶክተር፣ ጉድጓድ ሳላይ ገብቼ ይሆናል" አለ።

ከቢሮ እስከ ሜዳው ባለው መንገድ ላይ አንድም ጉድጓድ የለም። ለምን እንደዚያ እንዳለ አልገባኝም።

ታኅሣሥ 14፣ ዓርብ

ዛሬም የለም። ሳሩ ውርጩን ለምዶት ይሆን? አስቤ አስቤ ደከመኝ። ቁስሌ ግን እየደረቀልኝ ነው፣ ተመስገን።

ታኅሣሥ 19፣ ረቡዕ

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ሐኪሟ ትናንት አይታኝ "ጨርሰሻል" አለች። ዛሬ ሻሼን አወረድኩ። ሾፌሩ ቴርሞሱን አላመጣም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብሏል። እንደ ድሮዬ እፍ ብዬ ሰባተኛውን ከደንኩ። የአነፍናፊው ቁጥር ዘለለ። ስምንተኛው፣ ዘለለ። መጣልን ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ዘጠነኛው ጋ ተንበርክኬ፣ እፍ ብዬ፣ ክዳኑን ላወርድ ስል ትንፋሼ ነጭ ሆኖ ሳሩ ላይ ተኝቶ አየሁት። ቀለበቱ ውስጥ። አይሄድም። ክዳኑን አወረድኩበት፤ እሱም ከሥር ቀረ።

ቁጥሩ ዘለለ።

ለስንት ጊዜ እንደተንበረከክሁ አላውቅም፤ ጉልበቴ እስኪረጥብ። ከዚያ የአሥረኛውን ክዳን ካፖርቴ ውስጥ ብብቴ ሥር ይዤ ጎማውን አሞቅሁት፣ ፊቴን አዙሬ ከደንኩ። አልዘለለም። አሥራ አንደኛው፣ አሥራ ሁለተኛው፣ አልዘለሉም። ተመልሼ ሰባተኛውን ከፍቼ አናፈስኩት፣ ያለ እፍታ ከደንኩት። ዝርግ።

ጉብታው እኔ ነኝ።

ተህዋስያን የለም፣ የፈነዳ ቅጠል የለም። ከዚህ ቀደም ያልታየው ነገር እኔ ነኝ፣ ቁርሴን ሳልበላ። ሰው ሲተነፍስ ካርቦን እንደሚያወጣ ለእትዬ ያስረዳሁት እኮ እኔው ነኝ። "ሳሩ እንደ እኛ ይተነፍሳል" ብዬ። እንደ እኛ! ደንቆሮ።

አሁን ምን ልሁን? ብናገር ጉብታው የለም። ጉብታው ከሌለ እንግዶቹ የሚያዩት የለም። ዶክተሩ ስሙን ጽፎበታል። ሬዲዮ ልጆች አሏት። ሰው ሁሉ የሚኖረው በዚያች ጉብታ ነው፣ ጉብታዋ ደግሞ የምትኖረው በእኔ አፍ።

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

አልተናገርኩም። እፍም አላልኩም። ዝርግ።

ዶክተሩ፦ "ትናንት ሦስቱ ላይ መጣ፣ ዛሬ ጠፋ። መኪናው ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም።"

ነገ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 21፣ ዓርብ

አልነገርኩም። ሬዲዮ ለሾፌሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እየተየበች ነው። ዶክተሩ የኅዳሩን ጉብታ የበር ቁመት አሳክሎ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ታኅሣሥ 22፣ ቅዳሜ

አንድ እፍታ ብቻ። ጉብታው ይመለሳል፣ ደብዳቤው ይቀደዳል፣ ማዕከሉ ይተርፋል። ማን ያየኛል? ሳሩ?

ስምንተኛው ድስት ጋ ምን እንዳደረግሁ አልጽፍም።

ሾፌሩ ስንመለስ "አሞሻል?" አለኝ። ብርድ ነው አልኩት።

ታኅሣሥ 23፣ እሁድ

ለእትዬ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ጨርቁን አጣጥፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የዚያችን ሙሽራ ቀሚስ ታስታውሺያለሽ? ወገቡን በሁለት ጣት አጥብቤ የቆረጥኩትን። ሳምንት ሙሉ ዘረፍ ሰፋሁበት፣ ቁልፍ ደረደርኩበት፣ አበባ ጨመርኩበት። ዘረፉ በበዛ ቁጥር ወገቡ የሚሰፋ ይመስል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በሠርጓ ዋዜማ መጥታ ለበሰችው። አልገባም። ያለቀሰችው ስለ ጠበበ አይደለም ሚጢዬ። 'ሳምንቱን ሙሉ እያወቅሽ!' ነው ያለችኝ። እኔ እስከ ዛሬ የሚሰማኝ እሱ ነው።"

ጨርቁን መልሳ ጭኗ ላይ ዘረጋች።

"ዶክተሩ ስንት ቀን አለው?"

"ሃያ ሦስት።"

"ይበቃዋል። ጨርቁ እያለ ንገሪው።"

ታኅሣሥ 24፣ ሰኞ

ነገርኩት።

በሩን ዘግቼ ነበር፣ ቆሜ ነበር፣ ጉብታው ከኋላው ግድግዳው ላይ ነበር። ጎማውን፣ እፍታውን፣ ጥርሱን፣ ሻሹን፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረው።

"ቅዳሜስ? ስምንተኛው ብቻ ነው የዘለለው።"

ልዋሽ እችል ነበር። ረስቼ ነው ማለት ብቻ ነበር።

"እሱ አውቄ ነው፣ ዶክተር።"

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። "እርስዎ..." አለ። "እባክዎ ለአሁኑ ይውጡልኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ጠብቄ ነበር ከአፏ የሚወጣውን። ወንበር አመጣችልኝ።

ሾፌሩን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። "ያ የገባህበት ጉድጓድ የት ነበር?" አልኩት።

"ጥርስሽ ውስጥ" አለኝ።

"አውቀህ ነበር?"

"ሻማ ማጥፋት ስታቆሚ ጉብታው ቆመ። እኔ ምሁር አይደለሁም፣ ግን ዓይን አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"አንቺ እስክትናገሪ።" ይህን ብሎ የመኪናውን መስታወት መወልወል ጀመረ። የተወለወለ መስታወት።

ታኅሣሥ 25፣ ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ መኪናው ሲመጣ የፊት ወንበር ላይ ሰው አለ። ዶክተሩ! አፍንጫውን በሹራብ ጠቅልሎ፣ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ።

"ተኝቼ ብውል ኖሮ ዛሬም አላይም ነበር" አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። "አንድም ንጋት መጥቼ አላየሁም። የእርስዎ ጥፋት አለ፣ የእኔም አለ። የቅዳሜዋን ግን ሁለተኛ እንዳላይ።"

"አያዩም።"

ሜዳ ደርሰን በሆዱ ተኝቶ ክዳን ስገጥም ተመለከተ። ከዚያ ሾፌሩን ጠርቶ "ደብዳቤው የለም፣ ይቅርታ" አለው። ሾፌሩ "የቱ ደብዳቤ?" አለ። ሬዲዮ ቀድማ ያልነገረችው ይመስል።

ከሰዓት ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈ፤ ጉብታው ስሕተት ነበር፣ እንዴት እንደተከሰተ ይኸው ብሎ። ሬዲዮ ተየበችው። ከግድግዳው ላይ ትልቁን ወረቀት ራሱ አወረደው።

ታኅሣሥ 27፣ ሐሙስ

ሁሉም ዝርግ፤ እንዲያውም ውርጭ የመታው ሳር ንጋት ላይ የሚተነፍሰው ሸራ ከለበሰው ያነሰ ነው። ዶክተሩ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ምንም አላገኘንም ማለት ነው አለ።

እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያየሁትን ተናገርኩ። አላሰብኩበትም፣ ወጣልኝ።

"ዶክተር፣ ለምን ንጋት ላይ ብቻ እንለካለን? ውርጭ የመታው ሳር እኮ ፀሐይ ወጥታም አኩርፎ ነው የሚቆየው። እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይተኛል። የሚነሳው ሻይ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።"

ቀና አለ። "ይህን መቼ ነው ያየሽው?"

አንቺ አለኝ። "ሁልጊዜ" አልኩት። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

ጥር 1፣ ሰኞ

ደመና። አራት ቀን ውርጭ የለም። ሰው ሁሉ ሙቀት መጣ ብሎ ደስ ብሎታል፤ እኔ ብቻ ብርድ እየለመንኩ ነው። እትዬ "ይህንንስ ለሰው አትንገሪ" ትላለች። አሥራ አምስት ቀን ቀረን።

ጥር 4፣ ሐሙስ

ውርጭ! ከዜሮ በታች አራት! ከንጋት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ። እግሬ የለም። ነገ።

ጥር 9፣ ማክሰኞ

አምስት ቀን ለካን፣ በተከታታይ አምስት ውርጭ። ዶክተሩ ዛሬ መስመሮቹን ደራርቦ አሳየኝ፤ ሳቅም ጩኸትም የለም፣ በጣቱ ቀስ እያለ።

ሸራ የለበሰው ሳር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ካርቦን ይበላል። ውርጭ የመታው ግን እስከ አራት ሰዓት ተኩል ምንም አይነካም። ውርጩ ሜዳውን የሚያስከፍለው ንጋት ላይ በሚያስወጣው አይደለም፤ ሳይበላ በሚያሳልፈው ጠዋት ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በአምስተኛው ቀን ያኮረፈው ሳር ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰዓት ቀድሞ ነቃ።

"እየጠነከረ ነው?" አልኩ።

"አምስት ቀን ብቻ ነው። አላውቅም" አለ። "አላውቅም" ሲል ደስ ብሎት የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።

ሾፌሩ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ይጠብቀናል፤ መሄድ ይችላል፣ አይሄድም። እትዬ ካፖርት ልትሰፋለት ልኩን ወሰደች። ማን ጠየቃት? እጅጌውን ስትለካ "ክንዱ ረጅም ነው" አለችኝ፣ እኔ የጠየቅሁ ይመስል።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

መጡ። አንድ ሽማግሌና አንዲት ወፍራም መነጽር ያደረጉ ኃላፊ። ሽማግሌው ገና ሳይቀመጡ "ጉብታ ነበር፣ ጉብታ የለም ብላችኋል" አሉ።

ዶክተሩ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አልሸፋፈነም። "ስሕተቱን ያገኘችው እሷ ናት፣ የጠዋቱንም ነገር ያየችው እሷ ናት" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ወለሉ ቢከፈት እገባ ነበር።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወረዱ። "እንዴት አወቅሽው?"

"ጥርስ ተነቅዬ ነው።"

ሬዲዮ፣ የእንግዳ ሻይ ይዛ የቆመችው ሬዲዮ፣ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሽማግሌው ተከተሉ። ኃላፊዋ ግን አልሳቁም፤ የሜዳ መዝገቤን ጠየቁ። ገጽ በገጽ አዩ። ታኅሣሥ 22 ላይ ቆሙ። ስምንተኛው ድስት አጠገብ በእጄ "አውቄ እፍ ብዬበታለሁ፤ አይቆጠር" ብዬ ጽፌያለሁ። ለዶክተሩ በነገርኩት ማግሥት ነው የጻፍኩት።

ለረጅም ጊዜ አዩት። መዝገቡን ዘግተው መለሱልኝና "ሜዳውን አሳዪኝ" አሉ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

ምንም ወሬ የለም። ሬዲዮ እንኳን ምንም የላትም። ማዕከሉ ሲዘጋ ምን እንደምሠራ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት። ቁልፍ መትከል እንኳ አልችልም፣ እትዬ ሞክራኛለች።

ጥር 26፣ ዓርብ

ደብዳቤው ትናንት ከሰዓት መጣ። ሬዲዮ ከፍታ አነበበችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ "ካንቺ አይለፍ" ሳትል ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ። ሁለት ተጨማሪ የውርጭ ወራት ተፈቅዶልናል። ሁለት ብቻ። ከዚያ ደግሞ ይመጣሉ። መለኪያው ቀኑን ሙሉ ይሁን፣ የክዳኑን አሠራር የምትጽፈው ክዳኑን የምትገጥመዋ ትሁን፣ ስሟም ሪፖርቱ ላይ ይስፈር ይላል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሊቆጥረው ሳይሆን ለመቀመጥ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እትዬ ስነግራት "ደግ" ብላ መርፌዋን ሰካች፤ ከዚያ መርፌውን የት እንደሰካች ጠፋባት።

ዛሬ ንጋት ላይ ደግሞ ውርጭ። ሦስታችንም ወረድን። ዶክተሩ ሹራቡን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ሾፌሩ ሙቅ ጨርቅ እያቀበለኝ። ሰባተኛው ድስት ጋ ተንበረከክን። ፊታችንን ወደ ነፋሱ አዞርን፣ ትንፋሻችንን ያዝን፣ ክዳኑን አወረድኩ። ሦስት ጎልማሳ ሰዎች ጉንጫችንን ነፍተን ሳር ዙሪያ። ሾፌሩ ዓይኑ በሳቅ ሲሞላ አየሁና ወደ ሌላ ቦታ ተመለከትሁ፣ ካለዚያ ጉድ ነበር የሚፈላው።

ቁጥሩ ቆመ። ዶክተሩ ራቅ ብሎ ተነፈሰና "አንብቢልኝ" አለ።

አነበብኩለት።

"ትንሽ ናት" አለ።

"ትንሽ ናት" አልኩ።

ምንም ሳይጨምርባት እንዳለች ጻፋት። ክዳኑን አነሳሁና ወደ ስምንተኛው ሄድን።